በሂርማታ መርካቶ የታደሰ የስኩባ ሲሊንደር ማሰሪያ፦ ስፌቱ፣ ዘለበቱና የጥብጣቡ መንገድ

ጅማ ከባሕር የራቀች የቡና ከተማ ናት። ጅቡቲ ወርዶ በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ የሚጠልቅ የከተማችን ሰው ዕቃው ሲያረጅበት እዚሁ ደርሶ የሚገዛበት የጠላቂዎች ሱቅ የለውም። ሬጉሌተር (አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ በሚተነፈስ ግፊት የሚያደርሰው መሣሪያ) ቢበላሽ ወደ ሠለጠነ ባለሙያ መላክ ግዴታ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። የአየር ሲሊንደሩን ጠላቂው ከሚለብሰው፣ በአየር ከሚነፋው የመንሳፈፊያ ጃኬት ጀርባ ጋር አጥብቆ የሚይዘው ማሰሪያ ግን ጥብጣብ፣ ክርና ዘለበት ብቻ ስለሆነ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰፊ ካለ እዚሁ ሊታደስ ይችላል። ይህ ግምገማ በሂርማታ መርካቶ የሚገኝ አንድ የሸራና የመኪና ወንበር ስፌት ቤት ስላደሰልኝ ማሰሪያ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ስፌቱ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ነገር ግን ማሰሪያው መጀመሪያ እጄ ሲገባ ጥብጣቡ በዘለበቱ ውስጥ የሾለከበት መንገድ የተሟላ አልነበረም፤ ይህም ውኃ ውስጥ ለሚገባ ሰው ከስፌቱ ጥንካሬ የማይተናነስ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች አብዛኛውን ቦታ የሰጠሁት ለእርሱ ነው።

በመጀመሪያ ማሰሪያው ምን እንደሚሸከም መታወቅ አለበት። የመጥለቂያ ዕቃ በሚያከራዩ ቤቶች በብዛት የሚገኘው የአሉሚኒየም ሲሊንደር 11.1 ሊትር የውስጥ ይዘት ያለው ሲሆን፣ ወገቡ ከዳር እስከ ዳር 18.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ባዶውን 14 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እስከ 207 ባር (የግፊት መለኪያ) ሲሞላ ከ2000 ሊትር በላይ አየር ይይዛል፤ አየሩም ክብደት ስላለው ሲሊንደሩ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ጭነት ጀልባው ላይ ወደ ታች ይጎትታል። ውኃ ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ሙሉው የአሉሚኒየም ሲሊንደር በባሕር ውኃ ውስጥ በጥቂቱ የሚሰምጥ ሲሆን፣ አየሩ ሲያልቅ ደግሞ በ2 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ወደ ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። በዚህም የተነሣ ማሰሪያው ጠላቂው ሲገባና ሊወጣ ሲል የሚይዘው ጉተታ አንድ ዓይነት አይደለም። በጠዋት ጀልባ ላይ ጥብቅ መስሎ የታየ ማሰሪያ፣ ጠላቂው ከመውጣቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች የሲሊንደሩ የታችኛው ጫፍ ሽቅብ ሲነሣ የሚፈተነው እንደገና ነው። የብረት ሲሊንደር ባዶ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ስለማይንሳፈፍ ይህ ጠባዩ የለውም፤ ስፋቱ ግን ከአሉሚኒየሙ ሊለይ ስለሚችል ማሰሪያው ለእርሱ እንደገና መለካት አለበት።

ሲሊንደሩ ከማሰሪያው ውስጥ ቢንሸራተት ምን እንደሚሆን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጽ። ሬጉሌተሩ የተገጠመው ሲሊንደሩ አናት ላይ ባለው ቫልቭ ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ ቁልቁል ሲወርድ ቱቦዎቹን ሁሉ ይዞ ይወርዳል፤ በጥርስ የተያዘው የአፍ መያዣ ወደ ጎን ይጎተታል፣ ጃኬቱን የሚነፋው ቱቦም ይወጠራል። ጠላቂው ችግሩ ከጀርባው ስለሆነ አያየውም፤ እጁም አይደርስበትም። አብሮት የጠለቀው ባልደረባ ከኋላ መጥቶ ሲሊንደሩን ወደ ቦታው ከፍ አድርጎ ይይዝና ዘለበቱን ከፍቶ እንደገና ያጠብቅለታል። ባልደረባው ከራቀ ግን ጠላቂው ሬጉሌተሩን ከአፉ ሳያወጣ ጃኬቱን አውልቆ ከፊቱ በማምጣት ራሱ ማስተካከል ይኖርበታል፤ ይህ በሥልጠና የሚለመድ ቢሆንም በጥልቀት ላይ ማንም ሊገደድበት የሚፈልገው ሥራ አይደለም። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 አኳላንግ የተባለውን የመጀመሪያ የውኃ ውስጥ መተንፈሻቸውን ከሞከሩበት ጊዜ ጀምሮ ሬጉሌተሩ እጅግ ተሻሽሏል፤ ሲሊንደሩን በሰው ጀርባ ላይ የማሰር ጉዳይ ግን ዛሬም በጥብጣብና በዘለበት ላይ የቆመ ነው።

ወደ ስፌት ቤቱ ልመለስ። ቤቱ የጭነት መኪና ሸራ፣ የባጃጅ መሸፈኛና የመኪና ወንበር የሚሰፋበት ሲሆን፣ የወፍራም ዕቃ መስፊያ መኪናዎቹ የናይለን ጥብጣብን በድርብርብ ያለ ችግር ይወጋሉ። ማሰሪያዬን ይዤ ስሄድ የፕላስቲኩ ዘለበት ደኅና ነበር፤ ስንጥቅ አልነበረውም፣ ማጠፊያውም አልላላም። ያረጀው ጥብጣቡ ብቻ ነው፤ ዘለበቱ በሚነክስበት ቦታ ላይ ክሩ ተበልቶ ጸጉር አውጥቷል፣ ፀሐይ የመታውም ፊቱ ደርቆ ቀለሙ ለቅቋል። ናይለን በፀሐይ ብርሃን የሚዳከም ስለሆነ፣ ቀለሙ የለቀቀና ሲታጠፍ የሚንኮሻኮሽ ጥብጣብ ገና ባይበጠስም መለወጥ አለበት። ዋና ሰፊው ማሰሪያውን አገላብጠው ካዩ በኋላ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ለምን እንደሚያገለግል ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው ውኃ ውስጥ ይዞት የሚገባ የአየር ሲሊንደር ማሰሪያ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው አሮጌውን ተውልኝ፤ እሱን እያየሁ ነው የምሰፋው። ዘለበቱንም አልቀይረውም» አሉ።

ይህ መልስ ለእኔ የቤቱ ትልቅ ምስክር ነው። ብዙ ቦታ ሰፊው እጁ ላይ ያለውን የሻንጣ ዘለበት አምጥቶ «ይሄም ይይዛል» ይላል። የሻንጣ ዘለበት ቢበዛ የልብስ ክብደት እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ጥብጣቡን በጥርስ ጫፍ ብቻ ስለሚነክስ እርጥበት ሲነካው ይሾልካል። የሲሊንደር ዘለበት ግን ምላሱ (ተገልብጦ የሚዘጋው ክፍል) ሲገለበጥ ጥብጣቡን ተጨማሪ ስቦ የሚያወጥርና በራሱ ጭነት የሚቆለፍ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ስፌት ቤት ምንም ያህል ጥሩ ስፌት ቢኖረው ይህን ሥራ ሊሰጠው አይገባም።

የተጠቀሙት ጥብጣብ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሽመናው ጥብቅ የሆነ የናይለን ጥብጣብ ነው። ስፋቱ ዋና ነገር ነው፤ ጥብጣቡ ከዘለበቱ ቀዳዳ ጠበብ ካለ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ዘለበቱ ሲዘጋ ግማሹ ብቻ ይነከሳል፤ ከሰፋ ደግሞ ጠርዙ ታጥፎ ይገባል። በዚህ ሥራ ላይ ጥብጣቡ ቀዳዳውን ሳይጨናነቅ ሞልቶታል። ክሩን በተመለከተ ከጥጥ የተሠራ ክር እንዳይሆን አስቀድሜ ጠይቄ ነበር፤ ጥጥ እርጥበት እየጠጣ ይበሰብሳልና። እነርሱም ለሸራ የሚጠቀሙበትን ወፍራም የፖሊስተር ክር ተጠቅመዋል። ጥብጣቡ በዘለበቱ ቋሚ ዘንግ ላይ ታጥፎ የተሰፋበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ በውስጡ መስቀለኛ ስፌት አለው፤ ጭነቱን ለአንድ መስመር ብቻ ስለማይተው ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመረጠው ስፌት ይህ ነው። የስፌቱ ርቀት እኩል ነው፣ የላላ ክር የለም፣ የመነሻና የመድረሻ ጫፎቹም ወደ ኋላ ተመልሰው ተቆልፈዋል። የተቆረጠው ጫፍ በእሳት ቀልጦ ታትሟል፤ ጠርዙም ሻካራ እንዳይሆን ገና ትኩስ ሳለ ተዳምጧል። አሮጌው ማሰሪያ ላይ የነበረውን ቬልክሮ (ተለጣፊ ጨርቅ) በጥንቃቄ ፈትተው በአዲሱ ላይ በዚያው ርቀት ሰፍተውታል። በስፌቱ በኩል የምነቅፈው ነገር አላገኘሁም፤ ፋብሪካ ከሰፋቸው ማሰሪያዎች አንዳንዶቹ እንዲህ ተጠንቅቀው የተሠሩ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ማሰሪያው የተሰጠኝ ጥብጣቡ በዘለበቱ ውስጥ ገብቶ፣ ምላሱ ተዘግቶ፣ ትርፉም ጫፍ በቬልክሮው ላይ ተለጥፎ ነበር። ለማያውቅ ዓይን የተሟላ ይመስላል። ነገር ግን በምላሱ ጫፍ ላይ ያለው የመጨረሻው ቀዳዳ ባዶ ነበር፤ ጥብጣቡ እርሱን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ቬልክሮው ሄዷል። ሰፊዎቹ በየቀኑ የሚሠሩት የጭነት ሸራ ማሰሪያ ስለሆነና እርሱም ጥብጣቡን አንድ ጊዜ አሾልኮ መሳብ ብቻ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ለሲሊንደር ግን አይበቃም፤ ምክንያቱን በዝርዝር መግለጽ የምፈልገውም ይህን ማሰሪያ የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች ጥብጣቡ ስለ ገባ ብቻ ሥራው ያለቀ ስለሚመስላቸው ነው።

የዚህ ዓይነቱ የፕላስቲክ ዘለበት ኃይሉን የሚያገኘው ከሰበቃ ነው። ጥብጣቡ ሲሊንደሩን ዞሮ ሲመጣ ከሥር ወደ ላይ በቀዳዳው ይወጣል፣ በዘንጉ ላይ ተጠምዝዞ አቅጣጫውን ይለውጣል፣ ወደ ታች ተመልሶ ይገባል፣ በመጨረሻም በምላሱ ጫፍ ባለው ቀዳዳ ይወጣል። ጥብጣቡ በአንድ ዘንግ ላይ በዞረ ቁጥር የመያዝ ኃይሉ በመደመር ሳይሆን በመባዛት ያድጋል፤ ስለዚህ አንድ ዙር መዝለል ከኃይሉ ጥቂቱን ብቻ እንደመቀነስ ተደርጎ መታየት የለበትም። የመጨረሻው ቀዳዳ ደግሞ ከሰበቃው በተጨማሪ ሌላ ሥራ አለው። ጥብጣቡ በምላሱ ጫፍ ውስጥ ካለፈ፣ ምላሱ ሊከፈት ሲል የተወጠረው ጥብጣብ ራሱ ይዞ ያስቀረዋል። ካላለፈ ግን ምላሱ የጀልባ ጠርዝ ቢመታው ወይም የሌላ ሰው ቱቦ ቢይዘው ብድግ ብሎ ሊከፈት ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ሲሊንደሩን የሚይዘው ቬልክሮ ብቻ ነው። ቬልክሮ የተሠራው ትርፉ ጫፍ እንዳይንጠለጠል ለመሰብሰብ ነው እንጂ ጭነት ለመያዝ አይደለም።

የቀዳዳዎቹ ቁጥርና ቅደም ተከተል ከአምራች አምራች ይለያያል። ስለዚህ ማንኛውም ሰው መከተል ያለበት ከዘለበቱ ጋር የመጣውን ሥዕል ነው፤ በአንዳንዶቹም ላይ መንገዱ በፕላስቲኩ ራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በሁሉም ላይ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው ጥብጣቡ ሲሊንደሩን ሲዞር የትም ቦታ ላይ መጠምዘዝ የለበትም፤ የተጠመዘዘ ቦታ በጠርዙ ብቻ ስለሚጫን በዚያ በኩል ይላላል። ሁለተኛው የማጥበቂያው ቅደም ተከተል ነው፤ የመጨረሻው ቀዳዳ ከመግባቱ በፊት ጥብጣቡ በደንብ ይሳባል፣ ከዚያ ጫፉ በምላሱ ቀዳዳ ያልፋል፣ ከዚያም ምላሱ እየተገለበጠ ጫፉ አብሮ ይጎተታል። ምላሱ በሁለት ጣት ያለ ምንም ትግል ከተዘጋ ማሰሪያው ላልቷል ማለት ነው፤ በመዳፍ መጫንን መጠየቅ አለበት። በሁለት እጅ ተጭነውም ካልተዘጋ ደግሞ ፕላስቲኩን ከማስገደድ ጥቂት መልቀቅ ይሻላል።

ለሰፊው ይህን በዘለበቱ ላይ እያሳየሁ ሳስረዳ በትዕግሥት አዩ፤ ራሳቸውም ፈትተው ደጋግመው አሾለኩት። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ጥብጣቡ ከመጨረሻው ቀዳዳ መውጣት ያለበትን ቦታ በቀይ ክር በአንድ መስመር ሰፍተው ምልክት አደረጉበት። ማሰሪያው በትክክል ሾልኮ ለእኔ ሲሊንደር ሲጠብቅ ቀዩ መስመር ከምላሱ ጫፍ ወዲያ ይታያል፤ አንድ ቀዳዳ ከተዘለለ ትርፉ ስለሚረዝም መስመሩ ከቦታው ይርቃል። ምልክቱ ለአንድ የሲሊንደር ስፋት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሌላ ስፋት ያለው ሲሊንደር የሚከራይ ሰው በእርሱ ሊመራ አይገባም። ቢሆንም ከመጥለቅ በፊት በሚደረገው የእርስ በርስ ፍተሻ ላይ ባልደረባዬ በአንድ እይታ የሚያየው ነገር ስላገኘ፣ በዚህ ግምገማ ውስጥ ስፌት ቤቱን ካስመሰገኑት ነገሮች ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው።

ቀጥሎ የእርጥበት ፈተና መጣ። ናይለን ውኃ ሲጠጣ በጥቂቱ ይረዝማል፤ ስለዚህ ደርቆ የጠበቀ ማሰሪያ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሊላላ ይችላል። ቡና የሚጭን ነጋዴ በቅሎውን ከጫነ በኋላ ጥቂት አስጉዞ መቀነቻውን እንደገና እንደሚያጠብቀው ሁሉ፣ ጠላቂም ማሰሪያውን ሳያረጥብ ያጠበቀውን ማመን የለበትም። ግቢ ውስጥ ባለ የውኃ በርሜል ማሰሪያውን እስኪርስ ድረስ ነክሬ በባዶ ሲሊንደር ላይ አጠበቅሁት፤ ከዚያ ጃኬቱን ከአናቱ መያዣ ይዤ ሲሊንደሩን ከመሬት ጥቂት ብድግ አድርጌ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅሁት። አልተንሸራተተም። ደርቆ አጥብቄ ከዚያ በነከርኩት ጊዜ ግን ምላሱ ቀለል ብሎ መከፈት ጀምሯል፤ ይህ የስፌት ቤቱ ጉድለት ሳይሆን የናይለን ጠባይ ነው፣ አዲስ ጥብጣብም ለጥቂት ጊዜ ከአሮጌው ይልቅ ይለጠጣል። ከፖሊስተር የተሠራ ጥብጣብ ውኃ የሚጠጣው በጣም ጥቂት ስለሆነ ይህ ችግር ይቀንስለታል፤ ስፌት ቤቱ በጠየቅሁበት ቀን በዚህ ስፋት የፖሊስተር ጥብጣብ አልነበረውም።

ፈተናው የሚሠራው ማሰሪያው ትክክለኛ ቦታ ላይ ከሆነ ነው። ጥብጣቡ ቀጥ ያለውን የሲሊንደሩን ግድግዳ መያዝ አለበት፤ ወደ አንገቱ የሚጠብበው ትከሻ ላይ ከታሰረ ሲሊንደሩ ትንሽ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይላላል። የቫልቩ አፍ ወደ ጠላቂው ጀርባ፣ የቫልቩ መክፈቻም ወደ ቀኝ እጁ ይሆናል። ከፍታው ደግሞ ጠላቂው ራሱን ወደ ኋላ ሲያዘነብል ሬጉሌተሩ እንዳይመታው፣ ነገር ግን ሲሊንደሩ ወደ መቀመጫው ወርዶ እንዳይከብደው ሆኖ ይስተካከላል። በጃኬቱ ላይ የቫልቩን አንገት የሚያንቅ ትንሽ ተጨማሪ ገመድ ካለ፣ ዋናው ማሰሪያ ከመጥበቁ በፊት እርሱ በቫልቩ ላይ ይጠለቃል፤ ከፍታውን ለመለካትም ያገለግላል፣ ዋናው ማሰሪያ ቢከዳም ሲሊንደሩ ጨርሶ እንዳይወድቅ ያደርጋል። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ሲሊንደሩን አቁሞ ትቶ መሄድ አይገባም፤ የተሞላ ሲሊንደር ወድቆ ቫልቩ ቢመታ ጉዳቱ ከባድ ነው፣ ሥራው ሲያልቅ ማጋደም ነው።

ከማይዝግ ብረት ከተሠራ ዘለበት ጋር ማነጻጸር ለሚፈልግ አንባቢ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። የብረቱ ዘለበት ጥብጣቡ አንድ ጊዜ ተለክቶ ከሾለከ በኋላ በተጠለቀ ቁጥር አይፈታም፤ ምላሱ ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስለዚህ ቀዳዳ የመዝለል ስሕተት የሚፈጠረው መጀመሪያ በሚገጠምበት ቀን ብቻ ነው፤ ያ ቀን በጥንቃቄ ካለፈ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማጥበቅና ማርጠብ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሲሊንደር ለሚጠልቅ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በየጉዞው ዕቃ አከራዩ የሰጠውን ለሚጠቀም ሰው ግን ስፋቱ በተለወጠ ቁጥር ጥብጣቡን ማስለቀቅና እንደገና ማሾለክ አድካሚ ስለሆነ፣ እኔ የፕላስቲኩን ይዤ ቀጥያለሁ። ብረቱ አይሰነጠቅም፤ ፕላስቲኩ ግን በብርድም ሆነ በፀሐይ ሲያረጅ በማጠፊያው አካባቢ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ነጭ መስመር የታየበት ዘለበት የሚጣል እንጂ የሚታደስ አይደለም። ሁለት ማሰሪያ የሚይዝ ጃኬት ያለው ሰው ከተቻለ ሁለቱንም መጠቀም አለበት፤ አንዱ ቢላላ ሌላው ይይዛል፣ ባዶው የአሉሚኒየም ሲሊንደር ግርጌም ሽቅብ ሲነሣ የታችኛው ማሰሪያ ያግደዋል።

በስፌት ቤቱ ሳለሁ አንድ ሌላ ደንበኛ የጭነት መኪና ማጥበቂያ ለምን እንደማልጠቀም ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጥርስ እየተጎተተ የሚጠብቀው የጭነት ማሰሪያ ኃይሉ ከሚያስፈልገው በላይ ስለሆነ የጃኬቱን የጀርባ ሰሌዳ ያጣምማል፤ ከዚያም በላይ ባልደረባ ውኃ ውስጥ በጓንት እጁ በፍጥነት ሊከፍተውና ሊዘጋው የሚችል አይደለም። በባጃጅ ወይም በመኪና ላይ ሲሊንደር አጋድሞ ለማጓጓዝ ግን በትክክል የተሠራው ለዚያ ነው።

ስለ አያያዝ አንድ የከተማችን ጉዳይ አለ። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚዘንብባት እርጥበታማ ከተማ ስለሆነች፣ ከባሕር የተመለሰ ማሰሪያ በሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሻጋታ ይይዘዋል። በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ጨው ከሽመናው ውስጥ መውጣት አለበት፤ የደረቀ የጨው ቅንጣት ጥብጣቡ በተወጠረ ቁጥር ክሩን ከውስጥ ይፈገፍገዋል፣ በዘለበቱ ማጠፊያም ውስጥ ይጠጥራል። ከታጠበ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይሰቀላል፤ በክረምት ወራት በረንዳ ላይ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ቢሆንም ለማፋጠን ብሎ ፀሐይ ላይ ወይም ከሰል አጠገብ ማድረግ ጥብጣቡን ይገድለዋል። ዘለበቱ ተከፍቶ ነው የሚሰቀለው፤ ተዘግቶ ከከረመ ጥብጣቡ የታጠፈበት ቦታ ላይ ቅርጽ ይይዛል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ለጥብጣቡና ለስፌቱ የከፈልኩት አዲስ ማሰሪያ ከውጭ ለማስመጣት ከሚወጣው ገንዘብ በጣም ያነሰ ነው፤ ለቀዩ ምልክት ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆኑም። ወደዚያ ለሚሄድ ሰው የምመክረው፣ አሮጌውን ማሰሪያ ከዘለበቱ ሳያወጣ እንደ ሾለከ ይዞ እንዲሄድ፣ ከመፈታቱም በፊት መንገዱን በስልኩ ከላይና ከጎን ፎቶ አንሥቶ አንዱን ለሰፊው እንዲተውላቸው ነው። ሥራው ሲሰጠው ደግሞ ከስፌት ቤቱ ሳይወጣ ራሱ ፈትቶ እንደገና ያሹልከው፤ ጥብጣቡ በየቀዳዳው ሳይጨናነቅ ማለፉንና ጫፉ ከመጨረሻው ቀዳዳ ወጥቶ ለእጅ መያዣ የሚበቃ ርዝመት መቅረቱን ማየት የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ጫፉ ከአንድ መዳፍ ካጠረ ስፋቱ ከፍ ያለ ሲሊንደር ላይ ስለማይበቃ ወዲያውኑ ሌላ ጥብጣብ ማስቆረጥ ያስፈልጋል።

ጊዜውንም አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል። ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው የሚመርጠው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ወቅት ነው፤ በእነዚያው ወራት ደግሞ ጅማ ላይ ቡና ተለቅሞ የሚጫንበት ጊዜ ስለሆነ፣ ስፌት ቤቱ የጭነት መኪና ሸራ በሚያስጠግኑ ሰዎች ይጨናነቃል፣ ትንሽ ሥራ ወረፋ ይጠብቃል። ማሰሪያውን መስከረም ላይ የወሰደ ሰው ግን ሰፊውን በሰከነ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ ለማስረዳትም፣ ቆሞ ለመፈተሽም፣ ካስፈለገ ለማስደገምም ጊዜ ይኖረዋል።